ለአማት የተቀረጸ ቢላዋ

[አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ከሀበሻ ሱቆች ጀርባ ያለ ፓርኪንግ። ሕዝቅያስ በመኪናው ኮፈን ላይ መሮ፣ የብርጭቆ ወረቀትና አንድ ባለ እንጨት እጀታ ቢላዋ ዘርግቷል። እንጨት መቅረጽ ከጀመረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ሰው ለማስተማር ግን በሁለተኛው ቀን ደርሷል። ከአሥሩ ጣቶቹ ስድስቱ ፕላስተር ለብሰዋል። የፓርኪንግ ሠራተኛው ጓደኛው ግዛው፣ ስለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ቢላዋውን ይዞለታል፤ ሕዝቅያስ እጀታው ላይ የተጠላለፈ ገመድ ይቀርጻል።]

ግዛው፦ እኔ ግን ትል ነው የሚመስለኝ።

ሕዝቅያስ፦ ትል አይደለም አልኩህ እኮ! ኬልቲክ ነው! የድሮ የአየርላንድ ሰዎች ጌጥ። ገመዱ አንዴ በላይ ያልፋል፣ አንዴ በሥር ይገባል፣ እንደገና በላይ። መጨረሻ የለውም። የዘላለም ፍቅር ማለት ነው።

ግዛው፦ [በጣቱ እየተከተለ] በላይ... በሥር... በላይ... በላይ... ሕዝቄ፣ አለቀ።

ሕዝቅያስ፦ ምኑ?

ግዛው፦ ዘላለሙ። ስለቱ ጋ ሲደርስ ቆመ።

ሕዝቅያስ፦ እሱ... አርት ነው! አርባ ቪዲዮ ዋች ያደረግኩት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ግዛው፦ አንተ። ግን ሰውየው መጀመሪያ በእርሳስ ይስላል፣ ውዳቂ እንጨት ላይ ይለማመዳል አላልከኝም?

ሕዝቅያስ፦ እሱ ለጀማሪ ነው።

ግዛው፦ አንተስ?

ሕዝቅያስ፦ እኔ ቶሎ የሚገባኝ ጀማሪ ነኝ። [መሮው ያመልጠዋል] ዋይ! ፕላስተር!

ግዛው፦ [እየለጠፈ] ሰባት። ይሄ እንግዲህ ለጋሼ መኩሪያ ነው?

ሕዝቅያስ፦ ስንቴ ልንገርህ? ነገ ሽማግሌዎቼ ሎንግ ቢች እሳቸው ቤት ሄደው ልጃቸውን ፋናን ይጠይቁልኛል። ቢላዋውን ለአባትየው ያስቀድማሉ። ጋሼ መኩሪያ ቁርጥ ወዳድ ናቸው፤ በዚህ አንዴ ከቆረጡ እምቢ የሚሉበት አፍ የላቸውም።

ግዛው፦ ፋናስ ምን አለች?

ሕዝቅያስ፦ እሷ ምን ቤት ናት? መጀመሪያ አባት፣ ከዚያ ልጅ! አሜሪካ ገባን ብለን ወግ እንርሳ?

ግዛው፦ ሶ አላናገርካትም?

ሕዝቅያስ፦ አምና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ደህና ነሽ?» ብያታለሁ። «ደህና» አለችኝ።

ግዛው፦ ከዚያስ?

ሕዝቅያስ፦ ከዚያማ መሮ ገዛሁ። ይልቅ ሰው ብዬ አንተን መላኬ! እጀታ በጨባጩ መዳፍ ልክ ነው የሚሠራው፤ የጋሼ መኩሪያን መዳፍ ለካልኝ ብልህ ስንቴ ሎንግ ቢች ተመላለስክ?

ግዛው፦ አራቴ።

ሕዝቅያስ፦ ለአንድ እጅ!

ግዛው፦ መጀመሪያ ሜትሩን ረሳሁ። በሁለተኛው የግራ እጃቸውን ለካሁ። በሦስተኛው እሳቸው አልነበሩም።

ሕዝቅያስ፦ ማን ነበር ታዲያ?

ግዛው፦ ፋና።

ሕዝቅያስ፦ [ደንግጦ] የእኔን ነገር አነሳህባት?

ግዛው፦ ኧረ! «ሽማግሌ ሳይሄድ ስሜን እንዳትጠራ» ብለኸኝ የለ?

ሕዝቅያስ፦ ጎበዝ! አንድ ቀን እንኳ ሰማኸኝ። ምን አወራችሁ?

ግዛው፦ ምሳ ሠራችልኝ። ናይት ሺፍት እንዴት እንደሚያደክማት ነገረችኝ። እኔ ስለ ፓርኪንግ ነገርኳት፤ ሳቀች።

ሕዝቅያስ፦ ሰው አክባሪ ናት። በአራተኛውስ?

ግዛው፦ በአራተኛው የቀኝ እጃቸውን ለካሁ። ፋናንም ጠየቅኋት።

ሕዝቅያስ፦ ምን?

ግዛው፦ ታገቢኛለሽ ወይ አልኳት።

[መሮው ከሕዝቅያስ እጅ ወድቆ ኮፈኑን ይቧጥጠዋል። ሌላ ቀን ቢሆን ይጮህ ነበር።]

ሕዝቅያስ፦ እና?

ግዛው፦ እሺ አለች።

ሕዝቅያስ፦ ጣቴን ስከትፍ ቆመህ እያየህ!

ግዛው፦ ልነግርህ አፌን ስከፍት «ዝም በል፣ አንተ አታውቅም» ትለኛለህ። ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያወራኸኝ ስለ ጋሼ መኩሪያ መዳፍ ነው። ልጅቷን እወዳታለሁ ስትል አንድ ቀን አልሰማሁህም።

ሕዝቅያስ፦ [ድምፁ ዝቅ ብሎ] እወዳታለሁ እኮ፣ ግዛው። አሳመምከኝ።

ግዛው፦ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ግን... አንድ ነገር ላስቸግርህ?

ሕዝቅያስ፦ ደግሞ ምን ቀረህ?

ግዛው፦ አባትየው ያለ ሽማግሌ ልጅ አልሰጥም ብለዋል። ያንተዎቹ እንደሆነ ለነገ ተቀጥረዋል፤ ቢላዋውም በልካቸው ተሠርቷል። እንደው ስሙን ብቻ በእኔ ቀይረው ቢናገሩልኝ?