ባትሪው ሳይገዛ ንቅንቅ የለም

(የመኖሪያ ግቢ። አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ መደርደሪያና ትንሽ ፍሪጅ ገብቶላታል። እትዬ፣ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት፣ ከኋላ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሽቦ ትለካለች። ታናሽ እህቷ ሚጡ፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ፀጉሯ የሸበተ፣ መሪው ጋ ተቀምጣለች። በመሐላቸው ወፍራም መጋረጃ አለ። የኋላ መስኮቶቹ ፀሐይ እንዳያስገቡ በብልጭልጭ ካርቶን ተሸፍነዋል።)

እትዬ፦ ኢንቨርተር! ኢን-ቨር-ተር! ኢንቨስተር ያለሽ ማነው?

ሚጡ፦ እኔማ ሀብታም ሰው አብሮን ሊሳፈር ነው ብዬ አንሶላ ቀይሬ ጠበቅኩ።

እትዬ፦ ዕቃ ነው፣ ሚጡ! ሣጥን የሚመስል ዕቃ! ከባትሪው አሥራ ሁለት ቮልት ይቀበልና ሁለት መቶ ሃያ አድርጎ ያወጣል።

ሚጡ፦ አሥራ ሁለት ተቀብሎ ሁለት መቶ ሃያ ይሰጣል?

እትዬ፦ አዎ።

ሚጡ፦ የቀረውን ከየት አምጥቶ?

እትዬ፦ ከየትም አያመጣም! ይለውጠዋል እንጂ።

ሚጡ፦ ታዲያ ኢንቨስተር ማለት ይሄ አይደል እንዴ?

እትዬ፦ (በረጅሙ ተንፍሳ) ስሚኝ። ያለ እሱ ፍሪጁ አይሠራም፤ ቬንቲሌተሩ አይዞርም፤ ውሃ ማፍያው አያፈላም። እሱንና ባትሪውን መርጠን ሳንገዛ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ የለም ብያለሁ።

ሚጡ፦ መጀመሪያ መጋረጃው ይሰፋ አልሽ፤ ተሰፋ። ከዚያ ዝናቡ ያባራ አልሽ፤ አባራ። ባሕር ልናይ እስክንሄድ ባሕሩ ደረቀ እኮ!

እትዬ፦ ባሕር አይደርቅም።

ሚጡ፦ እኛስ?

እትዬ፦ ወደ ቁም ነገሩ! ፍሪጁ ስልሳ ዋት ይበላል።

ሚጡ፦ ፍሪጅ የሚበላ ያስቀምጣል እንጂ እሱ ደግሞ ይበላል? ለካ ትናንት ያስቀመጥኩት ኬክ...

እትዬ፦ (ፈጠን ብላ) ኬኩን ተዪው። ውሃ ማፍያው ብቻውን ሺህ አምስት መቶ ዋት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ሺህ ዋት የሚችል ኢንቨርተር ያስፈልገናል ማለት ነው። አሁን ሞተሩን አስነሺልኝ፤ ዲናሞው ምን ያህል እንደሚሞላ በቴስተሩ ልየው።

ሚጡ፦ (ፊቷ በርቶ) ላስነሳው?

እትዬ፦ አስነሺ አልኩ።

ሚጡ፦ አንቺው ነሽ ያልሽው።

(ሞተሩ ይነሳል። ሚጡ ወርዳ የግቢውን በር ወለል አድርጋ ከፍታ ትመለሳለች።)

እትዬ፦ የምን ኳኳታ ነው?

ሚጡ፦ በሩን ከፈትኩት። ጭሱ እንዳያፍነን ብዬ።

እትዬ፦ ይህንንስ በደንብ አሰብሽ።

(ሚኒባሷ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው ቀስ ብላ ከግቢው ትወጣና ቆም ትላለች። ሚጡ ወርዳ በሩን ቆልፋ ትመለሳለች።)

እትዬ፦ አሁን ደግሞ ምንድነው?

ሚጡ፦ መልሼ ዘጋሁት። ድመት ገባች።

(ሚኒባሷ መንገድ ትጀምራለች።)

እትዬ፦ ምን ያወዛውዘኛል?

ሚጡ፦ ሞተሩ ነው። ቆሞ ስለከረመ ነው የሚንቀጠቀጠው።

እትዬ፦ ልክ ነው፤ የቆመ ሞተር ይንቀጠቀጣል። እኔም ልነግርሽ ስል ነው። ወደ ባትሪው እንምጣ። ለእኛ የሚሆነን ዲፕ ሳይክል ነው።

ሚጡ፦ ሳይክል ደግሞ ለምን? መኪና ይዘን?

እትዬ፦ የባትሪ ዓይነት ነው! ሞተር ከማስነሳት ያለፈ ሥራ የሚሠራ፣ ወደ ታች ወርዶ ወርዶ ተመልሶ የሚሞላ!

ሚጡ፦ ወደ ታች ከሆነማ ፔዳልም አያስፈልገው።

(ሚኒባሷ ቁልቁለት ትጀምራለች። እትዬ ከነቴስተሯ ተንሸራታ መጋረጃው ላይ ትለጠፋለች።)

እትዬ፦ ኧረ በሕግ! ምን ሆንን?

ሚጡ፦ የፊት ጎማው ተንፍሶ ነው መሰለኝ፤ ዘመም አልን።

እትዬ፦ ብያለሁ! ጎማው ይታይ ብያለሁ! ማን ይሰማኛል? (ወደ ቦታዋ እየዳኸች) እና ሁለት ምርጫ አለን። ባለ አሲዱ ከባድ ነው፤ ካለው ላይ ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀሚበት፤ ከዚያ በታች ካወረድሽው ቶሎ ይበላሻል። ሊቲየሙ ግን ቀላል ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። በጣም ሲደክም ደግሞ ራሱን ያጠፋል።

ሚጡ፦ ራሱን? ምነው፣ ምን ጎድሎበት?

እትዬ፦ ምንም አልጎደለበትም! ኃይሉ ሲያልቅ ነው!

ሚጡ፦ ኃይሌ አለቀ ብሎ እንዲህ ይደረጋል? እኔ እንዲህ ያለ ሆደ ባሻ ባትሪ ይዤ መንገድ አልሄድም።

እትዬ፦ ይጠፋል! እንደ መብራት ይጠፋል! ስትሞዪው ይመለሳል!

ሚጡ፦ እንደሱ በዪኝ። ልቤን ሰቀልሽው እኮ።

(ሚኒባሷ አደባባይ ትዞራለች። እትዬ መደርደሪያውን ትይዛለች።)

እትዬ፦ ሚጡ፣ ዞረብኝ።

ሚጡ፦ ቁርስ በደንብ ሳትበዪ ስለ ባትሪ ስታወሪ ነዋ።

እትዬ፦ እሱም አለ። ገመዱን አትርሺ። ከባትሪው እስከ ኢንቨርተሩ ያለው ገመድ አጭርና ወፍራም መሆን አለበት።

ሚጡ፦ አጭርና ወፍራም? ነፍሱን ይማረውና እንደ ባልሽ?

እትዬ፦ (ሳቋን አፍና) ቀጭን ከሆነ ቶሎ ይግላል።

ሚጡ፦ እውነትሽን ነው። እሱ አንድም ቀን ሲቆጣ አላየሁም።

እትዬ፦ ሌላው ደግሞ፣ ፍሪጁ ሲነሳ ሰርጅ አለው።

ሚጡ፦ የማን ሰርግ?

እትዬ፦ ሰርጅ! ሞተሩ ሲነሳ ለአንድ አፍታ ከልኩ እጥፍ ድርብ አድርጎ ይስባል። ኢንቨርተሩ ያንን መቻል አለበት።

(ከኋላ የሚከተል የጭነት መኪና ረጅም ጡሩንባ ይነፋል። ሌሎችም ይቀጥላሉ።)

እትዬ፦ ይሄ ሁሉ ጡሩንባ ምንድነው?

ሚጡ፦ አልኩሽ እኮ፣ ሰርግ ነው። በደጃችን እያለፉ ነው።

እትዬ፦ በሥራ ቀን?

ሚጡ፦ ቸኩለው ይሆናላ።

(ፊሽካ ይነፋል። ሚኒባሷ ጥግ ይዛ ትቆማለች። ትራፊክ ፖሊስ በሹፌሯ መስኮት ብቅ ይላል።)

ትራፊኩ፦ መንጃ ፈቃድ።

እትዬ፦ ማነው እሱ?

ሚጡ፦ (ወደ መጋረጃው ዞራ፣ በሹክሹክታ) የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ነው።

እትዬ፦ በጥሩ ሰዓት መጣ! (ከመጋረጃው ጀርባ ጮክ ብላ) የኔ ልጅ! ሁለት ሺህ ይበቃናል ወይስ ሦስት ሺህ እናድርገው?

ትራፊኩ፦ (ደንግጦ) እማማ፣ እዚህ መንገድ ላይ ከሰማንያ በላይ አይፈቀድም!

እትዬ፦ በሰማንያ? በሰማንያማ አንድ ኩባያ ውሃ እንኳ ለብ አይልም!

ትራፊኩ፦ (ለሚጡ) ማን ናቸው ከኋላ ያሉት?

ሚጡ፦ ታላቅ እህቴ ናት። ፍጥነት ትወዳለች።

ትራፊኩ፦ (መንጃ ፈቃዱን እየመለሰ) እባክሽ መሪ እንዳይነኩ።

(ሚኒባሷ ጉዞ ትቀጥላለች።)

እትዬ፦ ምን አለ?

ሚጡ፦ ሁለት ሺህ ይበቃል አለ። ሴትዮዋ አዋቂ ናቸው ብሎ አድንቆሽ ሄደ።

እትዬ፦ ሰማንያ ያለውስ?

ሚጡ፦ እሱ... የራሱን ቤት ነው። ብቻውን ነው የሚኖረው።

እትዬ፦ ምስኪን። በይ፣ የቀረን ሞገዱ ነው። አንዳንዱ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሞገድ የተቆራረጠ ነው፤ ፍሪጁን ያስጮኸዋል፤ ያግለዋልም። ጥሩው ግን ንጹህ ሞገድ ነው የሚሰጠው። ለስለስ ያለ፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል።

ሚጡ፦ ከፍ ዝቅ የሚል ንጹህ ሞገድ... ድምፅስ አለው?

እትዬ፦ ምን ድምፅ ይኖረዋል? ኤሌክትሪክ እኮ ነው።

ሚጡ፦ (መስኮቷን ዝቅ አድርጋ) እስኪ ጆሮ ስጪው።

(ሹሹሹ የሚል ድምፅ ይገባል። ሚኒባሷ አሸዋ ላይ ትቆማለች። ሞተሩ ይጠፋል።)

እትዬ፦ (ድምፁን ያልሰማች መስላ) ወሰንኩ! ሁለት ሺህ ዋት፣ ንጹህ ሞገድ፣ ሁለት መቶ አምፔር ሊቲየም። በሚመጣው ሳምንት እንገዛዋለን። ከዚያ ብርዱ ሲያልፍ እንሄዳለን።

ሚጡ፦ እትዬ።

እትዬ፦ ምነው?

ሚጡ፦ ደርሰናል።

(ሚጡ የመኪናውን ቁልፍ ነቅላ ወደ መጋረጃው ትዞራለች።)

ሚጡ፦ በእናታችን፣ አትቆጪኝ። ሞተሩን አስነሺ ስትዪኝ በዚያው ነዳሁት። እንዳታውቂብኝ ብዬ ነው እስካሁን ስጃጃልብሽ የቆየሁት። ልጅ እንቅልፍ እንደወሰደው፣ ሳይነቃ፣ እናቱ ደጃፍ ሳደርስ የኖርኩ ሹፌር ነኝ፤ አንቺን ማድረስ አያቅተኝም። ስንለካ ስንለካ ጉልበታችን ሊከዳን ሆነ፣ እትዬ። ያ ነው ያስፈራኝ። በቃ፣ ስደቢኝ።

(ወርዳ የጎን በሩን ትከፍታለች። ባሕሩ ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ተዘርግቷል። እትዬ ቴስተሩን ከእጇ አስቀምጣ ብዙ ታየዋለች።)

እትዬ፦ ሚጡ።

ሚጡ፦ አቤት።

እትዬ፦ ከአልጋው ሥር ሻንጣ አለ። አውጪልኝ።

ሚጡ፦ የማን ሻንጣ?

እትዬ፦ የማን ይሆናል? የኔ ነዋ! ቀስ፣ ፎጣዎቹን እንዳትበትኚ። ላንቺም ይዣለሁ።

ሚጡ፦ (ሻንጣውን ስባ፣ አፏን ከፍታ) ፎጣ? መቼ የያዝሽው ነው?

እትዬ፦ ትናንት። ነገ ሞተሩን አስነሺ እላታለሁ፤ ሹፌር አይደለች? ሞተር ተነስቶላት አርፋ አትቀመጥም ብዬ።

ሚጡ፦ ከግቢ ስንወጣ አውቀሻል ማለት ነው?

እትዬ፦ ተማሪ ሾልኮ ሲወጣ ቢሮዬ ተቀምጬ በበሩ ድምፅ የምለይ ሰው ነኝ እኮ!

ሚጡ፦ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ? ያን ሁሉ መንገድ ስትንከባለዪ ከምትመጪ!

እትዬ፦ ለጎረቤቱ ሁሉ "ባትሪው ሳይገዛ አልሄድም" ብዬ ተናግሬያለሁ። ደግሞም አልሄድኩም። አንቺ ነሽ የወሰድሽኝ።

(ጫማዋን ወርውራ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ውሃው ትሮጣለች።)

ሚጡ፦ (ሻንጣውን እንዳቀፈች፣ ለብቻዋ) እኔ ሰርቄያት የመጣሁ መስሎኝ... ለካ ተቀጥሬ ኖሯል!