የዘይነባ ሳልና የስምንተኛ ክፍል ኬሚስትሪ

እኛ ዋናን በጥቁር ሰሌዳ የምንማር ሰዎች ነን። አትቀየሙኝ፤ ከራሴ ተነስቼ ነው። የኬሚስትሪ ዲግሪዬን ይዤ ስመረቅ አብዛኛውን አሲድ በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም ነበር። በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አልጠፋም፤ ቁልፉ ያለው ግን ንብረት ክፍል ኃላፊው ጋ ነበር። ሰውየው ብልቃጥ እንዳይሰበርበት ስለሚሰጋ ማንንም አያስገባም። እውነትም አንድ ብልቃጥ ሳይሰበርበት በክብር ጡረታ ወጣ። ተሰብረን የወጣነው እኛ ነን።

የሆነው ሆኖ እንጀራ ጅዳ ጠራኝና በኒ ማሊክ ሰፈር ውስጥ ያገራችን ልጆች በሚማሩባት አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆንኩ። ትምህርት ቤት ስላችሁ ሜዳና ሰልፍ እንዳታስቡ፤ የኪራይ መኖሪያ ቤት ነው። ስምንተኛ ክፍል የሚማረው ቀድሞ ወጥ ቤት በነበረው ክፍል ሲሆን፣ የእቃ ማጠቢያው ገንዳ እስከ ዛሬ ከሰሌዳው ጎን አለ። በኔ ስሌት ከድሮው ትምህርት ቤቴ የተሻለ ቤተ ሙከራ አገኘሁ ማለት ነው። በሩ ቁልፍ የለውም።

ልጆቹ እዚያው ያደጉ ናቸው፤ ነገሩን በአማርኛ ይጀምሩና በዐረብኛ ይጨርሱታል። ሶዲየም ኤሌክትሮኑን ለክሎሪን ሰጥቶ አብሮት ተጣብቆ እንደሚቀር፣ የምንበላው ጨውም ከዚህ እንደሚገኝ ሳስረዳ አንዱ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ክሎሪን ከፊሉ ነው ማለት ነው?»

ከፊል፣ ለማታውቁ፣ የሠራተኛው ወረቀት ሁሉ በእጁ ያለ አሠሪ ነው። «ውሃ ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ» ብዬ ላጽናናው ሞከርኩ።

«ኸላስ! የመውጫ ቪዛ የሚመታለት ውሃ ነዋ!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ስለ አዮናዊ ውህድ ከዚህ የጠራ ማብራሪያ ዩኒቨርሲቲም አልሰማሁም። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጽሐፉን ወደ ጎን አድርጌ ተምርና ወይን ይዤ መግባት ያዝኩ። ተምሩ ኦክስጅን፣ ወይኑ ሃይድሮጂን፣ የጥርስ ስንጥሩ አቶሞቹን የሚያያይዝ ትስስር። አንድ ተምርና ሁለት ወይን በስንጥር ሲያያዙ ውሃ ሆኑ። ስምንተኛ ክፍል እንደዚያ ቀን ተግቶ አያውቅም፤ ውሃውን በቁጥር ሠራና ደወል ሳይደወል በላው።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ሱልጣን የገቡት ልጆቹ ፍሬ ሲተፉ ነው።

«ኬሚስትሪ ነው ኢፍጣር?» አሉኝ ውጭ ጠርተው። «ወላጅ ልጁን የላከው ቀለም እንዲቆጥር እንጂ ተምር እንዲቆጥር አይደለም። ወደ መጽሐፍዎ ይመለሱ።»

ተመለስኩ። ማለቴ፣ እሳቸው ሲያዩ ተመለስኩ። የቤት ሥራን ግን ርዕሰ መምህር አያየውም። ስለዚህ «ቤታችሁ ካሉ ጠርሙሶችና ካርቶኖች ላይ የውህድ ስም ፈልጋችሁ አምጡ» ብዬ ላክኋቸው።

ሐያት የምትባል፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበረችኝ። ሌሎቹ የጨውና የኮምጣጤ ወረቀት ገንጥለው ሲመጡ እሷ ሁለት ባዶ ጠርሙስ ይዛ መጣች። አንዱ የበረኪና ነው፣ ሌላው የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ።

«ኡሚ በምትሠራበት ቤት ሁለቱን ባልዲ ውስጥ ትደባልቃቸዋለች» አለችኝ። «ከዚያ ሳሉ ይነሳባታል። ቲቸር፣ ሲደባለቁ ምን የሚባል ውህድ ይሆናሉ?»

ከሁለቱ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሰው በጦርነት ጠላቱን ሊፈጅበት የለቀቀው መርዝ። የሐያት እናት ደግሞ በር ተዘግቶ፣ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት፣ በቅን ልቦና ታመርተዋለች። እኔም ይህን እያወቅሁ ለአንድም ተማሪ ተናግሬ አላውቅም። መጽሐፉ ላይ የለማ!

እናትየው ዘይነባ ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት። ስለ ሳሏ ያልተማከረ ዘመድ አልነበረም። መካ ውስጥ ነካሳ ሰፈር የሚኖሩት አክስቷ «ዓይን ነው» ብለው ቁርኣን አስቀሩባት፣ ጥቁር አዝሙድ በማር አስዋጧት። ጎረቤቷ «የኮንዲሽነር ብርድ ነው» አለች። ባሏ «ሐሳብ ነው» አለ። ጠርሙሱን የጠረጠረ የለም፤ ጠርሙስ ምን ያደርጋል!

በማግስቱ አስጠራኋት። ልጄ ምን አጥፍታ ይሆን ብላ ተሳቅቃ፣ አባያዋን ሰብስባ የልጇ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔም አዋቂ አይደለሁ፣ ጠመኔዬን አንስቼ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ሲደመር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እያልኩ ሰሌዳውን ሞላሁት። ቀመሩን ሳይቀር አመጣጠንኩላት። ዘይነባ መስጊድ ኹጥባ እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ጀዛከላህ ኸይር፣ ኡስታዝ። አላህ ዕውቀትዎን ይጨምርልዎ» አለች።

አንድም ነገር አልገባትም። ያኔ አጠገቧ የነበረችው ሐያት ተነስታ ከምሳ ዕቃዋ ወይን አወጣች፤ ሁለት ስንጥር ላይ አንድ አንድ ፍሬ ሰካች።

«ኡሚ፣ ሹፊ» አለች፤ እይ ማለቷ ነው። «ወይኑ ክሎሪን የሚባለው ነው። ይሄ በረኪናው ነው፤ አንድ ወይን ታስሮበታል። ይሄም አሲዱ ነው፤ እዚህም አንድ አለ። ለየብቻ ሲሆኑ ያው እንደታሰሩ ይቀመጣሉ። ስትደባልቂያቸው ግን...» ሁለቱን ፍሬዎች ነቅላ አጣበቀቻቸው። «ይያያዙና ይበራሉ። ባልዲው ውስጥ አይቀሩም። እዚህ ነው የሚገቡት።» የእናቷን ደረት በጣቷ ነካች።

ዘይነባ ደረቷን ያዘች። «ያ አላህ! ይሄን ነው ሁለት ዓመት ሙሉ የምተነፍሰው?»

ቀጥላ ፊቷ ጨለመ። «ማዳምስ? ማዳም ካልሸተተ አልጸዳም ባይ ናት። እኔ ብነግራት ሰንፈሽ ነው ትለኛለች፤ በዚያው መባረሬ ነው።»

«እኔ እነግራታለሁ» አለች ሐያት።

ቅዳሜ ከእናቷ ጋር ሄደች። ለአንዲት የቤት ሥራ ብዬ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ ልዘጋ ነው አልኩ። እዚያ ሳምንቱ የሚጀምረው በእሑድ ነውና፣ እሑድ ጠዋት ሐያት እንደ ወትሮዋ ከኋላ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከአፏ ቃል ማውጣት ጥርስ መንቀል ነበር።

ማዳም መጀመሪያ «የሠራተኛዬ ልጅ ልታስተምረኝ ነው?» ብላ ቱግ አለች አሉ። ሐያት አልተከራከረችም። ጠርሙሱን ገልብጣ ከጀርባው ያለውን ቀይ ጽሑፍ በጠራ የጅዳ ዐረብኛ አነበበችላት፦ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትደባልቁ። ማዳም ነጥቃ ራሷ አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ትንሿ ልጇ ላይ አስሙ የሚነሳው መታጠቢያ ቤቱ በሚታጠብበት ቀን መሆኑን ለራሷ ተናገረች። አሲዱ የዚያኑ ዕለት ከቤት ወጣ። ዘይነባ ሥራዋ ላይ ቀረች።

ሳሉ ቀስ በቀስ ለቀቃት። የነካሳዋ አክስት «ጥቁር አዝሙዱ ሠራ» አሉ። አቶ ሱልጣንም በወላጆች ስብሰባ ላይ «እኔ ያስጀመርኩት የተግባር ትምህርት» ሲሉ አጨበጨብኩላቸው። ምን ላድርግ? ደረት ይዳን እንጂ ምስጋናማ ባለቤት አያጣም።

ከዚያ አንድ ዓርብ ዘይነባ ከሰቢልና ከበኒ ማሊክ ሰፈሮች ስድስት ሴቶች አስከትላ መጣች። ሁሉም በሰው ቤት የሚሠሩ ናቸው፤ ሁሉም በፌስታል ጠርሙስ አንጠልጥለዋል። «የቱ ከየቱ ጋር እንደማይጋባ ንገሩን» አሉ። ጽሑፉ ዐረብኛ፣ እኔ ደግሞ ለዐረብኛ ፊደል ገና አንደኛ ክፍል ነኝ። ስለዚህ ሐያት ታነባለች፣ እኔ ውህዱን አውቄ እናገራለሁ፣ ሴቶቹ የማይስማሙትን ጠርሙሶች ያራርቃሉ። በጠረጴዛው አንድ ጫፍ በረኪና፣ በሌላው ጫፍ አሲድ ተሰለፈ።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ከዲጃ፣ ሰው ቤት ሲያጸዱ ያረጁ ሴት፣ እስከ መጨረሻው ሰሙን። ጠርሙሳቸውን ወደ ፌስታላቸው እየመለሱ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ኡስታዝ፣ ይሄን ሁሉ እያወቁ እስከ ዛሬ ምን ሲሠሩ ነበር?»

«አስተምር ነበር» አልኳቸው።