የልብስ ሰፊው ኢንዛይም

ይህን መጀመሪያ የነገረኝ የእህቴ ባል በያጁ ነው፤ አሳምሬ የማወራው ግን እኔ ነኝ። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሐኪም የሆነ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የእኛው ሊቀ ጠበብት ልብስ ሰፊው ነው። ዓይንህ ቀላ ካለ ጉበትህን ይጠረጥራል፣ ካስነጠስህ ሳንባህን። ሜትሩን እንደ ሐኪም ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ "እኔን ስሙኝ" ነው። እኔንማ "ጉልበትህ አየር ያግኝ" ብሎ አዲሱን ሱሪዬን በአራት ጣት አሳጠረብኝ። ካሳ ስጠይቀው ይኸው ስድስት ዓመቴ። እሱ ይቆየን።

በያጁ እህል አልወርድ ብሎት ቢታይ፣ የምግብ ቧንቧው ላይ ካንሰር ተገኘ። ቀዶ ጥገናው ደህና አለቀ። ዶክተሯ ታዲያ እንዲህ አለችው፦ "ያወጣነውን ዕጢ ኢንዛይም እናስመረምራለን። ዕጢው ስኳር የሚያነድበት መሣሪያው በለው። ብዙ ካለው ቀለሙ ይጠቁራል፣ በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ እንሰጋለን። ከገረጣ ተስፋው ይሻላል። ስድስት ሳምንት ጠብቅ።"

ልብስ ሰፊው ሊጠይቀው መጥቶ ከወሬው መሃል "ስኳር" የምትለዋን ሰማ፤ አለቀ። በማግስቱ የበያጁን የስኳር ጣሳ ብብቱ ሥር ወሸቀ።

"ጋሼ፣ ስኳሬን ወዴት?"

"ኢንዛይሙን በረሃብ ልቀጣልህ ነው። እኔን ስማኝ።"

"ዕጢው እኮ ወጥቶ ላቦራቶሪ ነው ያለው።"

"እዚያው ሆኖ ወሬው ይድረሰው።"

እህቴ ሳቋን ዋጠች። በያጁ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስል ነበር።

የውጤቱ ቀን ልብስ ሰፊው ከታማሚው ቀድሞ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ። ዶክተሯ የዕጢውን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተች። እሱ መነጽሩን ወልውሎ አፍንጫው እስኪነካው ተጠጋ።

"እንዲህ የገረጣ ጨርቅ ቢመጣልኝ ለነጋዴው እመልስ ነበር" አለ፤ "ዛሬ ግን ጣቃውን እወስደዋለሁ። ስኳር የከለከልኩት እኔ ነኝ።"

"አዎ፣ ገርጥቷል፤ ጥሩ ነው" አለች እየሳቀች። "ምልክት እንጂ ዋስትና አይደለም፣ በየሦስት ወሩ ይታያል። ግን አባባ፣ ወጥቶ ለተቀመጠ ዕጢ የሻይ ስኳር ምን አገባው? ሰውዬው ከስቷል፣ ስኳሩን መልሱለት።"

ሊቀ ጠበብት ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተው።

ማታውኑ ጣሳውን ይዞ መጣ፤ እንደሞላ ነው። ጉዱን ያወጣችው ሚስቱ ናት። "እኛም ቤት ስኳር ከገባ ስድስት ሳምንቱ" አለች። "'ልጁ ብቻውን አይመረው' ብሎ ሻዩን መራራውን ሲጠጣ ከረመ።"

በያጁ ተነሣ። ሻይ ቀዳለትና አራት ማንኪያ ስኳር ጨመረበት።

"ጠጣ ጋሼ። ለስድስቱ ሳምንት ስድስት ነው፤ ገና የሁለት ማንኪያ ዕዳ አለብኝ።"

እኔም ይህን የሰማሁ ዕለት የሱሪዬን ካሳ ማርኩት።