ሙሽራው ፈተና ላይ ነው

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ነገር ማውራት እንደማይገባኝ አውቃለሁ፤ ጨዋ ሰው የቤቱን ገመና ለአደባባይ አያወጣም፣ የሕግ ተማሪም ራሱን የሚያስወነጅል ቃል በፈቃዱ አይሰጥም። እኔ ግን ጨዋነቱንም ሕጉንም ገና አልጨረስሁም። አንደኛ ዓመት ነኝ።

አበው "ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል" ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው። ያልነገሩን ነገር ቢኖር ሁለቱን ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ መትከል እንደማያዋጣ ነው። የኔ አንደኛው ባላ ትምህርት ነው፤ ቆቦ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እየሠራሁ፣ በትርፍ ጊዜዬ ሕግ እማራለሁ። ትርፍ ጊዜ ማለት ከሥራ፣ ከቀበሌ ስብሰባ፣ ከለቅሶና ከዘመቻ የተረፈው ነው፤ እንግዲህ ስንት እንደሚተርፍ እናንተው አስቡት። ስለዚህ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ አጥፌ፣ ሰው ሲያጨበጭብ እያጨበጨብሁ፣ ስብሰባ ላይ ስለ ውል አነባለሁ። አንድ ቀን ሁሉም ዝም ካለ በኋላ ብቻዬን ሳጨበጭብ ተገኘሁ። ሊቀ መንበሩ ስለ ንቃቴ አመሰገነኝ።

ሁለተኛው ባላ ዘሀራ ናት፤ የዋጃው የአባ ሰይድ ልጅ። አባ ሰይድ ማሽላቸውም ግመላቸውም የተመሰገነ፣ አንዴ ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው ናቸው። ኒካሑ ማሽላው በተሰበሰበ በመጀመሪያው እሑድ እንዲሆን ቆረጡ። ቀበሌው ለሰርጉ ስኳር ፈቀደ፤ ደብዳቤው ላይ ቀኑ ተጽፎ ማኅተም አረፈበት። በሳምንቱ ከደሴ ሌላ ደብዳቤ መጣ። የቤተሰብ ሕግ ፈተና፣ ደሴ፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ያው እሑድ።

ፈተናውን ብቀር ዓመቱን ልደግም ነው። ሰርጉን ባዛውር ስኳሩ ይሻራል፤ ማኅተም ያረፈበትን ስኳር ማን ደፍሮ ቀን ይለውጥለታል?

መላውን ያመጣው የቢሮ ባልደረባዬ ይማም ነው።

"አብሽር! ኒካሕ በወኪል ይቻል የለም እንዴ? እኔ እጄን ለአባ ሰይድ እሰጥልሃለሁ፤ አንተ እጅህን ለፈተናው ስጥ።"

"እሳቸውስ እሺ ይላሉ?"

"እሳቸውስ ቢሆኑ የልጃቸው ወኪል አይደሉ? ወኪል ከወኪል ይግባባል።"

ሼሁም ይቻላል አሉ። አባ ሰይድ ጺማቸውን ሲደባብሱ ቆይተው፣ "የሚማር ሰው እንደ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ መንገድ አይቀርለትም" ብለው ተስማሙ። እኔም የይለፍ ወረቀቴን አውጥቼ ቅዳሜ ተሳፈርሁ። ውርጌሳ ላይ አውቶቡሱ ጎማ እስኪቀይር ደብተሬን ስገልጥ፣ ጋብቻ በወኪል ስለመፈጸም የሚያወራ አንድ ገጽ አየሁ። "ይቺ እንኳ አትመጣም" ብዬ አለፍኋት።

እሑድ አራት ሰዓት ግድም፣ ዋጃ ላይ ኒካሑ ሲታሰር፣ የይማም አውራ ጣት ከአባ ሰይድ አውራ ጣት ጋር ተገጥሞ በነጭ ጨርቅ ሲሸፈን፣ እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ አነብ ነበር። እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው ርቆ በመሄዱ ጋብቻውን በወኪል ቢፈጽም፣ ጋብቻው በሕግ ፊት ይጸናልን? ምክንያትህን አብራራ።

ያቺ ውርጌሳ ላይ አየት አድርጌ ያለፍኋት ገጽ ናት። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ደብተሩ ተጋቢዎቹ ራሳቸው ቀርበው ይስማሙ ይላል። "ይጸናል" ብል ወድቄ ባለትዳር እሆናለሁ፤ "አይጸናም" ብል አልፌ ላጤ። ሰው ለነጥብ ሲል የማያደርገው ምን አለ? "አይጸናም" ብዬ ጻፍሁ። ማብራሪያ ደግሞ እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። አንድ ምክንያት በጨመርሁ ቁጥር ዘሀራ አንድ ክንድ ትርቀኛለች፤ ሦስተኛውን ገጽ ስጨርስ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንዲሉ፣ ሚስት አለችኝ በዋጃ ሆነ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ቆቦ ስደርስ ይማም ሙሽራዬን ከነሚዜዎቿ አምጥቶ ቤቴ አስገብቷል። በሩ ላይ አቅፎ ሳመኝና "አልሐምዱሊላህ፣ አገባን!" አለኝ።

ብልህ ሰው ቢሆን ዝም ይል ነበር። ብቻችንን ስንሆን ግን የዘሀራ የመጀመሪያ ቃል "ፈተናው እንዴት ነበር?" ሆነ፤ እኔም ምን ያህል እንደተራቀቅሁ ላሳያት ብዬ ጥያቄውንም መልሱንም አንድ በአንድ ነገርኋት። ሻሿን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችኝ።

"ታዲያ አሁን እኔና አንተ ምንና ምን ነን?"

"በሃይማኖታችን ባልና ሚስት ነን። በፈተናው ወረቀት ላይ ግን... እስኪታረም ድረስ..."

"ቆይ እስቲ። ደብተርህ ራሳቸው ይስማሙ ካለ፣ እኔን ማን ጠየቀኝ? አባዬ 'እንዲህ አስበናል' አለኝ፤ አፍሬ ዝም አልሁ። ዝምታዬን እሺታ ነው ብለው ይዘውት ሄዱ።"

"እና... እሺታ አልነበረም?"

"ጠይቀኝና እወቀዋ!"

ጠየቅኋት። ወላሂ፣ የደሴው ፈተና ከዚህ አንጻር የልጅ ጨዋታ ነበር።

"አስብበታለሁ" አለች። "ለአንተ ስንት ሰዓት ተሰጠህ?"

"ሦስት።"

"ለኔ ሦስት ቀን።"

ሦስቱን ቀን ከደጅ መደብ ላይ ተቀምጬ ዋልሁ። ደብተር አልገለጥሁም፤ ብገልጥም ፊደሉ አይታየኝም ነበር። እስከዚያች ሰኞ ድረስ ዘሀራ እምቢ ልትል እንደምትችል አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም፤ ሕግ እማራለሁ ባዩ እኔ! ጎረቤት እያለፈ "ሙሽራው ምን ሆኖ ነው ውጭ የሚውለው?" ሲል፣ ይማም ፊቱን ኮስተር አድርጎ "ፈተና ላይ ነው" ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ደብተሬን ተቀበለችኝ። ዘሀራ የመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀት አላት። በመጨረሻው ገጽ ላይ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ማሽላ አገዳ ለየብቻ አቁማ ጻፈችበት፦ "እሺ። ሁለተኛ ወኪል እንዳትልክብኝ። ዓርብ ዓርብ ደብተር አይገለጥም።" ከዚያ ወዲህ ትርፍ ጊዜዬን የምታድለኝ እሷ ናት። ከቀበሌው ይልቅ እሷ ትሻላለች፤ አታስጨበጭበኝም።

የፈተናው ውጤትም ቆይቶ መጣ። ለዚያች ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። መምህሩ ከጎኗ በቀይ "ከልብ የተጻፈ" ብሎባታል።

እንግዲህ አደራችሁን፣ ይህን ለማንም አትድገሙት፤ ይልቁንም በዋጃ በኩል የምታልፉ። አባ ሰይድ እሑድ የተጀመረው ጋብቻ ሐሙስ ማለቁን ከሰሙ፣ "እንግዲያው ድግሱ ያለ ቀኑ ተበልቷል፤ ይደገም" ማለታቸው አይቀርም። ቀበሌው ደግሞ ለአንድ ሚስት ሁለት ጊዜ ስኳር አይሰጥም።