ሽማግሌ የተላከባት ቤዝ ጊታር

በደባርቅ ከተማ ሚስት ከማግኘት አሮጌ ቤዝ ጊታር ማግኘት ይከብዳል! ሁለቱንም ስፈልግ የኖርሁ ሰው ነኝና እመኑኝ... አዲሱንማ ማን ይደፍረዋል? የአዲስ ቤዝ ጊታር ዋጋ በስልክ ሲነገረኝ፣ ሻጩ ሌላ ስልክ ቁጥር የሚያስመዘግበኝ ነበር የመሰለኝ።

ቀን ቀን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠርግ ላይ እንጫወታለን። ባንዳችን ሦስት ሰው ነው፤ ደሳለኝ ይዘፍናል፣ ሌላው ጓደኛችን ኪቦርድ ይጫወታል፣ እኔ ደግሞ ቤዝ ጊታሪስት ነኝ። የጎደለኝ ቤዝ ጊታር ብቻ ነው!

አሮጌ የፈለግሁት ከኪሴ የተነሳ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቆየ ቤዝ እንጨቱ ስለደረቀ ድምፁ ሌላ ነው። (ይህን የምንለው አዲስ መግዛት ያቃተን ሰዎች ነን።)

ያገለገለ እቃ ቴሌግራም ላይ ይሸጣል ሲሉኝ ገባሁ። አንዱ "ኦሪጅናል ቤዝ፣ እንደ አዲስ!" ብሎ ፎቶ ለጥፏል። ክሮቿን ብቆጥር ስድስት! "ወንድሜ፣ ቤዝ እኮ አራት ክር ነው ያለው" ብዬ ብጽፍለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"ሁለቱን መፍታት ነዋ!"

ሌላው ደግሞ "ቤዝ ካልህ ቤዝ ይኸው" ብሎ ከባጃጅ የተነቀለ ስፒከር ፎቶ ላከልኝ። "ደረትህን ካልመታህ ብርህን እመልሳለሁ" አለ። እውነቱን ነው፣ ደረት ይመታል... ግን አንገት የለውማ!

ተስፋ ልቆርጥ ስል ደሳለኝ ወሬ ይዞ መጣ። ዳባት ውስጥ አያ ጫኔ የሚባሉ ባለ ወፍጮ አሉ፤ በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ ነበር፤ ቤዟ እስከ ዛሬ ከቤታቸው አለች። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወረድሁ።

አያ ጫኔ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ጋቢ ገለጥ አደረጉ። ብቅ አለች! ቀይ ቀለሟ እዚህም እዚያም ተልጧል። የፋብሪካ ስሟ ከራሷ ላይ ተፍቋል። አንዱ መቃኛዋ ጠፍቶ የጓጉንቸር ቁልፍ ተተክቶበታል። አንድ ጊዜ ወፍራሙን ክር ነካ አደረግሁት... ዱም! በቃ፣ ልቤ ሄደ።

"ስንት ይሏታል?" አልሁ፣ የማልጓጓ ለመምሰል ጣሪያ ጣሪያ እያየሁ።

አያ ጫኔ በጋቢው መልሰው ሸፈኗት።

"እንዲህ ብቻውን ዘው ብሎ ስንት ነው የሚል ሰው አለ? ሽማግሌ የለህም?"

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው እትዬ የሺ ከጓዳ ሆነው "ላክ ልጄ፣ ላክ! እኔም ከግድግዳዬ ትውረድልኝ!" አሉ።

እንግዲህ ጥፋቱ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። ደባርቅ ተመልሼ፣ የቤት አከራዬን መሪጌታ ልሳነወርቅን "የኔታ፣ ዳባት ሽማግሌ ይሁኑልኝ" አልኋቸው። ለምን እንደሆነ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ባለቤታቸው እልልታውን አቀለጡት! የኔታ ተነስተው ግንባሬን ሳሙኝ። "በስተርጅናም ቢሆን ይህን አየሁ!" አሉ። የማን እርጅና ነው ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ዳቦ ልገዛ ብወጣ ባለሱቋ "እንኳን ደስ አለህ!" አለችኝ። ዛሪማ ያለችው እናቴ ደውላ በደስታ አለቀሰች። እስቲ እናንተ ብትሆኑ በዚህ መሃል "ኧረ ለጊታር ነው" ትሉ ነበር?

በቀጠሮው ቀን የኔታ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ አንድ ጎረቤታችንን አስከትለው ተነሱ። እኔም ተከተልሁ።

"ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሲሄድ የት አይተሃል?" አሉኝ።

"አንገቷ ተጣሞ እንዳይሆን በደንብ ማየት አለብኝ የኔታ።"

"ልጄ! እግዚአብሔር የፈጠረውን አንገት..." ብለው አማተቡ።

ዳባት ደረስን። የኔታ ከደጃፉ ገብተው እንደቆሙ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። "ልጃችንን ልጅ አድርጋችሁ፣ ልጃችሁን ስጡን ብለን መጥተናል" ሲሉ ድምፃቸው ቅኔ የሚዘርፉ ይመስል ነበር።

አያ ጫኔ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጁ ሙያ አለው?"

"መምህር ነው።"

"እሱን አልጠየቅሁም። ጣቱ ይሠራል?"

የኔታ ዞረው ጣቴን አዩ። ጎረቤታችን ነገሩ እንዳይበላሽ ቶሎ ብሎ "የልጅቱ ዕድሜስ?" አለ።

"እኔው ራሴ ሳገኛት አሮጌ ነበረች" አሉ አያ ጫኔ። "ከአንድ ጓደኛዬ ነው የገዛኋት።"

"የገዛኋት?!" የኔታ መቋሚያቸው ከእጃቸው አመለጠ።

በዚህ ጊዜ እትዬ የሺ ጋቢውን ገልጠው ቤዟን ከግድግዳው አወረዷትና ታቅፈዋት ቀረቡ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ይህ ምንድን ነው?" አሉ የኔታ ቀስ ብለው።

"ቤዝ ጊታር ነው የኔታ።"

"እኔን... ለእንጨት?"

"እንጨት?!" አሉ አያ ጫኔ፣ የተሰደበባቸው ልጃቸው ይመስል። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ይጫወቱ ጀመር። ማጉያ የለ፣ መብራት የለ... ድምጿ በጭንቅ ይሰማል። የኔታ ተቆጥተው ሊወጡ ነበር፣ እበሩ ላይ ቆም አሉ። ተመለሱ። ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ከእንጨቱ ላይ ለጠፉ። ብዙ ቆዩ።

"ዕዝል ነው" አሉ በመጨረሻ። "ድምፁ ልክ እንደ ዕዝል ዜማ ይከብዳል።" ቀና ብለው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። "አቶ ጫኔ፣ እኔ ለሽምግልና ወጥቼ ባዶ እጄን ገብቼ አላውቅም። ስጡን!"

አያ ጫኔም እሺ አሉ፤ ዋጋው ለእኔም የሚቻል ሆነ። ጨረስን ብዬ ቤዟን ሳነሳት፣ ትውረድልኝ ሲሉ የነበሩት እትዬ የሺ ባዶውን ግድግዳ አይተው ማልቀስ! አያ ጫኔ "እስከ መናኸሪያ ልሸኛት" አሉ። መናኸሪያ ስንደርስ "መንገድ ላይ እንዳትጋጭ ልያዝልህ" ብለው ተሳፈሩ። ደባርቅ ስንደርስ "አያያዟን ላሳይህ" ብለው ልምምዳችን ላይ ተገኙ። ገና አንድ ዘፈን እንደተጫወቱ ደሳለኝ መዝፈኑን ትቶ አፉን ከፍቶ ያያቸው ጀመር። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። ቤዝ ልገዛ ሄጄ ይዤ የመጣሁት ቤዝ ጊታሪስት ነው!

አሁን ሠርግ ባለ ቁጥር አያ ጫኔ ከዳባት በሚኒባስ ይመጣሉ። እትዬ የሺም ደስ ብሏቸዋል፤ ያኮረፈችኝ እናቴ ብቻ ናት። እኔ ሞንታርቦ እሸከማለሁ፣ ገመድ እዘረጋለሁ፣ ከዚያ ወገቤን ይዤ እቆማለሁ። ባለፈው ሠርግ ላይ አንዲት ቆንጆ ሚዜ ወደኔ ጠቁማ "ይኸኛውስ ምንድን ነው የሚጫወተው?" ብላ ጠየቀች። ኮሌታዬን አስተካከልሁ። መልስ ሳሰናዳ አያ ጫኔ ከቤዟ ላይ ቀና ሳይሉ ቀደሙኝ፤

"እሱማ ምንም አይጫወት... ባለቤቷ ነው!"