ጫማ ያስወለቀን የባቡር ዋሻ

እስቲ ልጠይቅዎ፤ ለእናትዎ ቀብር ሳይደርሱ ቢቀሩ የሚቀየሙት መንገድ የዘጋውን ተራራ ነው ወይስ ያልጠበቀዎትን ወንድም? ሰው ወንድሙን መቀየም ይቀለዋል። ተራራ ምን ይሰማል!

ዕድሜዬን የፈጀሁት በባቡር ከተማ፣ በድሬዳዋ ነው። እናቴ ሰቆጣ ላይ ያረፈች ጊዜ አውቶቡሳችን አንድ ተራራ ሲዞር መሸበት፤ በማግስቱ ስደርስ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። ታናሽ ወንድሜ ቄሱ፣ «ሬሳ አያድርም፣ እትዬ» አለኝ። እኔስ መንገድ ላይ አድሬ የለም እንዴ?

ከዚያ ወዲህ ሰቆጣን የረገጥኩት ዘንድሮ ነው። ወንድሜ ሽማግሌ በመላክ ፈንታ ጉብኝት ጋበዘኝ። «ያዘገየሽን ተራራ ለባቡር እየበሱት ነው። ነይና እዪው፤ ቂምሽንም እዚያው ጥለሽው ትመጫለሽ» አለ።

በሚኒባስ ሄድን። የእኛ የዋግ ሰው ተፈልፍሎ የሚያውቀው አለት ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ወንድሜ ለባቡር መሆኑን እያወቀ ዋሻው አፍ ላይ ጫማውን አወለቀ፤ ግራ ቀኙን ተሳለመ። አብራን የመጣች የደሃና ወረዳ ሴትም ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች። ወጣቱ መሐንዲስ ደንግጦ፣ «አባታችን፣ እዚህ እንኳን ጫማ ይደረጋል» ቢል፣ ሴትዮዋ «ታቦቱ ገና አልገባም ማለት ነው» ብላው አረፈች። ወንድሜ ጫማውን መልሶ አጠለቀ፤ በጥምጥሙ ላይም የሠራተኞቹ የላስቲክ ቆብ ተደፋበት።

እኔ ደግሞ ስለ ባቡር ያነበብኩት አላስቀምጥ ቢለኝ ማስረዳት ያዝኩ። ባቡር እንደ አህያ አቀበት አይወጣም፤ ብረት በብረት ላይ ያዳልጣል። ስለዚህ አለቱ ይበሳል፣ በድማሚት ይፈነዳል፣ ፍርስራሹ ይጫናል፣ ጣራው እንዳይናድ በኮንክሪት ይደገፋል። መሐንዲሱ፣ «ሲያልቅ እማማ፣ የግማሽ ቀኑ ዙሪያ የጥቂት ደቂቃ ይሆናል» ሲል ግን ማስረዳቴን ተውኩ።

ጥቂት ደቂቃ!

ወንድሜ በጨለማው እጄን ያዘ። «እትዬ፣ ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት መንገዱን እያየሁ ቀብሩን ሳስጠብቅ ነበር። ሕዝቡ እምቢ አለኝ። ይቅር በይኝ።»

አፌን ልከፍት ስል እግሬን በረደኝ። ለካ ሁሉም የሱን እግር ሲያይ፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ያነበብኩት እኔም ጫማዬን አውልቄ ኖሯል! ወጥተን ብንፈልገው፣ ገልባጭ መኪናው ከፍርስራሹ ጋር ጭኖት ሄዷል።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ የራሱን ጫማ አጠለቀልኝ። እሱ በባዶ እግሩ፣ በዚያ ሁሉ ጠጠር ላይ፣ እስከ ሚኒባሱ ደግፎ ወሰደኝ።

ጫማው እስካሁን እግሬ ላይ ነው፤ ትንሽ ይሰፋኛል። ይህን ጫማ እስክመልስ ድረስ ተራራውንም፣ መሐንዲሱንም፣ የመኪናውን ሹፌርም፣ ወንድሜንም ይቅር አልልም።