ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ፊልም ተመልካች

እናንተዬ፣ ከዘር ቆጣሪ ሴት ጋር ተቀምጣችሁ የፍቅር ፊልም አይታችሁ ታውቃላችሁ? አክስቴ እትዬ ጥሩ የድሮ ዘመን ፈረንጆችን ፊልም ይወዳሉ፤ ተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ያቺ ቀሚሷ መሬት የሚጠርግ ልጅ ከስንት መከራ በኋላ «እሺ፣ አገባሃለሁ» ስትል እኔ እንባዬን እጠርጋለሁ።

«ለመሆኑ ሰውየው ምኗ ነው?» አሉኝ።

«የአጎቷ ልጅ።»

«በስመ አብ! ወንድሟን? ሽማግሌ የሌለበት አገር ነው እንዴ? አጥፊው!»

አጠፋሁት። እኔን የጨነቀኝ ግን የፊልሙ አልነበረም። አንድ አምበር ከተማ የተወለደ ልጅ ወድጃለሁ፤ ደጀኔ ይባላል፣ እዚሁ ማርቆስ አስተማሪ ነው። እትዬ ጥሩ ዘሩን ሳይቆጥሩ ደግሞ አባቴ ሽማግሌ አይቀበልም። ደጀኔ ከአያቱ በላይ አንድም ስም አያውቅም!

«እትዬ፣ እኮ እንዋደዳለን» ብላቸው፣

«እሱማ ወንድምሽንም ትወጂዋለሽ» አሉኝ።

እሑድ ደጀኔ እትዬ ጥሩ ፊት ሊቀርብ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «እስቲ አባቶችህን ጥራ» አሉት።

ደጀኔ እጁን አጣምሮ ቆመና በአባቱ ሰባት፣ በእናቱ ሰባት፣ አንዴም ሳይደናቀፍ ጠራ። ለካ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲማ ከሚኖሩ አንድ አዛውንት ዘመዱ ዘንድ እየተመላለሰ ሲያጠና ኖሯል፤ እኔን ግን «ስፖርት እሠራለሁ» ነበር የሚለኝ።

እትዬ ጥሩ በጣታቸው ቆጥረው ሲጨርሱ፣ «አትነካኩም። ሽማግሌ ላክ፣ ልጄ» አሉት።

«እወድሻለሁ» የሚል ወንድ ሞልቷል። አሥራ አራት አባትና አያት እየቆጠረ «እወድሻለሁ» ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው።